ሚዛኑ ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች ስለማይወድቀው የአንድ ብር ሳንቲም

ለተከበሩ የሳንቲሞች መልክና ቅርጽ ጉዳዮች ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደ ምን ሰንብቷል? ጉልበትዎ እንዳይዝል፣ ዓይንዎ እንዳይፈዝ፣ በተለይ ዓይንዎ እንዳይፈዝ ዘወትር እጸልያለሁ፤ የሚያሠሩትን ሳንቲም አንድ ቀን እንኳ አተኩረው አይተውት እንደማያውቁ ጠርጥሬያለሁና። እኔ ቢያዝን ገብረ መስቀል እባላለሁ፤ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ተሳላሚ በጀልባ ሳመላልስ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው።

በእኛ ወደብ ሁለት ጀልባዎች እኩል የደረሱ እንደሆነ ማን ቀድሞ እንደሚጭን የሚለየው በሳንቲም ውርወራ ነው። ድሮ አባቶቻችን ንጉሡና አንበሳው ባሉበት ሳንቲም ዘውድና ጎፈር ይሉ ነበር፤ እኛ ዛሬ በአንድ ብሩ ሳንቲም አንበሳና ሚዛን እንላለን። የሚወረውሩት ተራ አስከባሪያችን መሪጌታ ፍሬ ስብሐት ናቸው። ጀልባ ስለሌላቸው አያዳሉም ተብለው የተመረጡ ሲሆን፣ ሳንቲሟን ከሌላ ገንዘብ ሳይቀላቅሉ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ይይዟታል፤ ቅባት ተቀብታለች የሚል እንዳይኖርም ከመወርወራቸው በፊት በሁላችንም ፊት ሐይቁ ውስጥ ነክረው ያጥቧታል። እንግዲህ መሪጌታን አልጠረጥርም፣ ሐይቁንም ለጊዜው አልጠረጥርም፤ የቀሩት እርስዎ ነዎት።

በቀደም ዕለት የተወረወረው ግን የአንድ ጠዋት ተራ አልነበረም። ወደቡ ሲታደስ ከበሩ አጠገብ አንድ የጀልባ ማሰሪያ ቦታ ብቻ ተረፈ፤ ሌላው ሐይቁ ዳር ከበቀለው ደንገል ማዶ ነው፣ እዚያ ድረስ ጭቃ ረግጦ የሚመጣ ተሳላሚ ደግሞ የለም። ቦታውን የምንፈልገው እኔና የእኅቴ ባል ክንዱ ነበርን። እሱ እንደ ልማዱ ሚዛን አለ፤ እኔም አባቴ ዕድሜ ልኩን ጎፈር ሲል ስለኖረ አንበሳ አልሁ። ሚዛን ወጣ! ዘንድሮ ብቻ ከክንዱ ጋር አሥራ አንድ ጊዜ ተወራውረን ዘጠኙን ተሸንፌያለሁ፤ ይህን ደብዳቤም የምጽፍልዎ ከደንገሉ ማዶ ባዶ ጀልባ ላይ ተቀምጬ፣ እንጀራዬ በበሩ በኩል ወደ ሌላ ጀልባ ሲሳፈር እያየሁ ነው።

ስለዚህ መሪጌታን ለምኜ ሳንቲሟን ሦስት ቀን ወስጄ መረመርሁ፤ ያገኘሁትን በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ።

፩ኛ፦ አንበሳው ጎፈሩን አንጨፍርሮ አፉን ከፍቷልና ብረቱ ሁሉ እሱ ላይ ተከምሯል፤ በወዲያኛው ፊት ያለው ሚዛን ግን ቀጭን ነው፣ ሁለቱም ሳህኖቹ ባዶ ናቸው። የከበደ ነገር ወደ ታች እንደሚሄድ ለጀልባ ነጂ አይነገረውም። ሚዛኑ ሁልጊዜ ወደ ላይ እንዲሆን የተሠራው በማን ጥያቄ እንደሆነ ቢገልጹልኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው። ክንዱ አዲስ አበባ ዘመድ አለው፤ ይህን የማነሣው እንዲያው ለነገሩ ያህል ነው።

፪ኛ፦ ሳንቲሟ መልካቸው ከተለያየ ሁለት ብረቶች የተገጣጠመች ናት። አንዱ ብረት ምን ጎድሎት ነው? በመጋጠሚያው ውስጥ የተደበቀ ነገር እንዳለ ለማየት በቢላዋ ልፈለቅቃት ስል ባለቤቴ ሥርጉት ቢላዋውን ነጠቀችኝ።

፫ኛ፦ ከአሮጌ ቴፕ በፈታሁት ማግኔት ብሞክራት ልጥፍ አለች! ታዲያ ከወደቡ ሲሚንቶ ሥር ምን እንደተቀበረ ማን ያውቃል?

፬ኛ፦ ሌሎቹን ሳንቲሞችም አየሁ። ገበሬው ከነሞፈሩ፣ ወታደሩ ከነጠመንጃው አለ፤ አጋዘን እንኳ ቦታ አግኝቷል። ጀልባ የለም፣ ዓሣ የለም፣ አንዲት ጠብታ ውኃም የለችም። በሃያ አምስት ሳንቲሙ ላይ ሁለት ሰዎች እጃቸውን ወደ ላይ አንሥተዋል፤ በደስታ ነው ይሉኛል፣ እኔ ግን እንደ እኔ ተወራውረው የተሸነፉ ይመስለኛል።

፭ኛ፦ ሳንቲሟን ቤቴ ውስጥ መቶ ጊዜ ብወረውራት ሃምሳ ሁለቱን አንበሳ ወጣ። ይህም ጥርጣሬዬን ይበልጥ አጠናከረልኝ፤ ማስረጃ እየተሰበሰበባት መሆኑን ነቅታለች ማለት ነውና።

ስለተደረገልኝ ውለታ ሁሉ ከልብ አመሰግናለሁ። የእርስዎ ጥበብ ባይኖር ኖሮ እኅቴ ወደቡ በር ላይ ጥላ ሥር ተቀምጣ የባሏን ተሳላሚዎች እየሳቀች ስትቀበል ለማየት ባልታደልሁ ነበር።

መልስዎን ቀንና ሌት የሚጠባበቅ፣ መልሱም በውርወራ እንዳይወሰን የሚማጸን፣ ለሥልጣንዎ ከወገቡ ጎንበስ ብሎ እጅ የሚነሣ፣
ቢያዝን ገብረ መስቀል
ከደንገሉ ማዶ፣ ባሕር ዳር

ከፊርማ በኋላ የታከለ፦ ከውርወራው ቀደም ብሎ ክንዱ ቤቴ ድረስ መጥቶ፣ ሳንወራወር ቦታውን ሳምንት ሳምንት እየተፈራረቅን እንሥራበት ብሎኝ ነበር። እንዲህ ያለ ደግነት ያለ ተንኮል አይመጣም ብዬ እምቢ አልሁት፤ በሳንቲም ይለይልን ያልሁትም እኔው ነኝ። ይህን ሥርጉት አታውቅም። እሑድ ደግሞ እኅቴ ቤት ምሳ ተጠርተናል፤ ክንዱ ደግሞ በማዕድ ላይ ያለፈውን ሁሉ እያነሣ መጫወት ይወዳል። እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ሳንቲሟ ጠማማ መሆኗን በማኅተም አስደግፈው ከእሑድ በፊት እንዲጽፉልኝ በእግዚአብሔር ስም እለምንዎታለሁ። ቀጥ ያለች ሆና ከተገኘች ግን እባክዎን፣ ምንም አይጻፉልኝ።