የሞላ ጭንቅላት

ሰቃ፣ መስከረም 5 ቀን 1972

ሣህሉ ወንድሜ፣

የሸክላ ቅርጽ ላስተምር መጥቼ እኔው ተማሪ ሆኜልሃለሁ። ለአብዮት በዓል የወዛደር ጭንቅላት በሸክላ እንድንሠራ ታዘዝን። ዕድሜ ልካቸውን ጀበና የሠሩት አዴ ሀዋ፣ «ማሎ፣ እባካችሁ ውስጡን ቦርቡሩት፤ ድፍን ሸክላ እሳት ውስጥ ይፈነዳል» አሉን። አንተና እኔ አዲስ አበባ በጄሶ ስንሠራ እንዲህ ያለ ጣጣ መች እናውቃለን። ማንኪያ አንስቼ ልቦረብረው ስል የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ እሱባለው እጄን ያዘ።

«የወዛደር ጭንቅላት ባዶ ነው ልትል ነው?»

ማንኪያዬን አስቀመጥኩ።

ድፍኑን ጭንቅላት ከአዴ ሀዋ ጀበናዎች ጋር እሳት ውስጥ ከተትነው። ማገዶው ሳይጋመስ እንደ ፈንጂ ጮኸና ጀበናዎቹንም ይዟቸው ሄደ። ወዲያው ስብሰባ ተጠራ። ጓድ እሱባለው «ይህ የአድኃሪያን ሴራ ነው» ብሎ አዴ ሀዋን ከሕዝቡ ፊት አቆማቸው። እሳቸው ግን ረጋ ብለው፣ «ልጄ፣ እሳት የማይችለው የሞላ ጭንቅላት ነው። አንተን ምንም አይልህም» አሉት።

ሙገሳ መስሎት አስጨበጨበላቸው። እኛም መሬት መሬቱን እያየን አጨበጨብን።

ለተማሪዎችህ ስለ መቦርቦሩ ብቻ ንገርልኝ፤ ሌላው አንተው ዘንድ ይቅር። ለየኔነሽና ለልጆቹ ሰላም በልልኝ። ፖስት ካርዱ ሞልቷል፤ ሳይፈነዳ ላቁም።

ደበበ