ሂሜና የማታውቀው ሹፌር

ሐሙስ፣ ማርች 20

አውቶቡሱን አጠብኩ። ከወንበር ሥር ማስቲካ ስፍቅ ዋልኩ። ባለፈው ሳምንት የጫንኳቸው ጡረተኞች ነበሩ... ለካ ጡረተኛም ማስቲካ ይለጥፋል።

ኒካኖር ቢሮው ጠራኝ። የኦቪዬዶ መስመር ተፈቀደልህ ሊለኝ ነው ብዬ ልቤ ዘለለ። አይደለም። «ሴልሶ፣ የፋውስቶ ወገብ ተያዘ። የእሑዱን የተማሪዎች ጉዞ አንተ ውሰድልኝ። ሳላማንካ፣ ሴቪያ፣ ኮርዶባ፣ ግራናዳ፣ ቶሌዶ።» የየትኛው ትምህርት ቤት? ሲነግረኝ ሳቄ መጣ። የሂሜና ክፍል ነው። የገዛ ልጄ!

«የመስመሩስ ነገር?» አልኩት።

«ገና ነው፣ በበላይ አለቆች እጅ ነው። ለመሆኑ ሌላው ረጅም ጉዞ ስጡኝ ብሎ ሲጣላ፣ አንተ ምን ሆነህ ነው ከአቪሌስ ኦቪዬዶ ስትመላለስ መዋል ያማረህ?»

ነገርኩት። ሂሜና በሴፕቴምበር ኦቪዬዶ ዩኒቨርሲቲ ትገባለች። ጠዋት ጠዋት እኔ እየነዳሁ፣ እሷ ከኋላዬ ተቀምጣ... ስትወለድ ሊዝበን ነበርኩ። የመጀመሪያ ጥርሷ ሲነቀል ፓሪስ። ልጅቷን በስልክ ነው ያሳደግኳት ማለት ይቻላል። አሁን ቢያንስ ጠዋቷን ይስጡኝ። ቤት ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ሲፈቀድ ድንገት ልነግራቸው ነው።

እራት ላይ የጉዞውን ነገር አወራኋት። ሹካዋን አስቀመጠች።

«በመላው አስቱሪያስ ሌላ ሹፌር ጠፋ?»

«ነበረ። ወገቡን አመመው።»

«አባዬ፣ በናትህ! አንተ እኮ በማይክሮፎን ቀልድ ታወራለህ። ‹ቀበቶ እሰሩ›ን በዜማ ነው የምትለው!»

ሚስቴ ማሪቤል ሳቋን መያዝ አቅቷት ሳህን አነሳሁ ብላ ወደ ማዕድ ቤት ሸሸች።

ተስማማን። አንተዋወቅም። እሷ እንደሌሎቹ «እርስዎ» ትለኛለች። እኔ «ሚጢጢዬ» አልላትም። ማይክሮፎን አልነካም። ጓደኛዋ ሌይሬ ብቻ ታውቀኛለች፤ አፏን እንድትይዝ ይነገራታል። የቀሩት አይተውኝ አያውቁም። የት አግኝተውኝ? የወላጅ ስብሰባ ሁሉ ማሪቤል ነች ፀጉር ቤቷን ዘግታ የምትሄደው።


እሑድ፣ ማርች 23

ሳላማንካ ገባን።

ጠዋት ሻንጣ ስጭን አንዷ አልነሳ አለች። «ይቺ የማናት? ድንጋይ ነው እንዴ የታጨቀባት?» አልኩ ጮክ ብዬ፣ የማን እንደሆነች እያወቅኩ። «የኔ ናት። ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች ሂሜና፣ ዓይኔን ሳታይ። ያድርጉልኝ! ሳቄ ሊያመልጠኝ ሲል በሳል ሸፈንኩት።

ገና ከአቪሌስ ሳንወጣ ዘፈኑ ተጀመረ። ያው ሹፌሩን «ፍጠን እንጂ» እያሉ የሚያሾፉበት። የተማሪ አውቶቡስ በነዳሁበት ዘመን ሁሉ ሰምቼዋለሁ። ዛሬ ግን ከሁሉም በላይ የሚሰማው የልጄ ድምፅ ነው። ቀንደኛዋ እሷ ሆነች! ብሩኖ የሚባል ረዥም አፈኛ ልጅ ያጨበጭብላታል።

ምሳ መንገድ ዳር። እንደ ወትሮው የሹፌር ጠረጴዛ ለብቻ ነው፣ ወጥ ቤቱ በር አጠገብ፣ ያውም በነፃ። መምህርቷ ሮሳውራ «ከእኛ ጋር ይቀመጡ እንጂ» አለችኝ። ሂሜና ከሩቅ በዓይኗ ቆነጠጠችኝ። ለብቻዬ በላሁ። የዳቦዬን ለስላሳ ውስጡን ጎልጉዬ አወጣሁና ቅርፊቱን ብቻ በላሁ፣ እንደ ልማዴ። ቀና ስል ሂሜናም ዳቦዋን እየጎለጎለች ነው። ብሩኖ አንዴ እሷን አንዴ እኔን ያያል። ምን አይቶ ነው?

ከሰዓት በኋላ ሁሉም የዩኒቨርሲቲው ግንብ ላይ የተቀረጸችውን እንቁራሪት ፍለጋ አንገታቸው እስኪጣመም ሲያንጋጥጡ ዋሉ። ያገኛት ፈተና ያልፋል ይባላል። ቀድማ ያገኘቻት ሂሜና ናት አሉ። እንግዲያው ታልፋለች። የኦቪዬዶ ነገር አለቀ ማለት ነው።


ሰኞ፣ ማርች 24

ሴቪያ።

ሌይሬን መንገዱ አቅለሸለሻት። ወደ ፊት አመጧት። እሷና ሂሜና ልክ ከኋላዬ ተቀመጡ። ሹፌር ጀርባ የሚቀመጥ ሰው ሹፌሩ ጆሮ ያለው አይመስለውም። በዚህ ሥራ የስንቱን ገመና ሰምቻለሁ! የዛሬውን ግን ምነው ባልሰማሁ።

«ነገርሽው?» አለች ሌይሬ።

«ኧረ ቀስ በይ!»

«ሬዲዮ ከፍቷል። ነገርሽው ወይ?»

«አልቻልኩም። ግራናዳ ሳንደርስ እነግረዋለሁ።»

«ክፍሉን ሐሙስ አይደል የምታዪው? ሴትዮዋ ለሌላ ብታከራየውስ?»

«አውቃለሁ... እናቴ ቀስ ብለሽ ንገሪው ብላኛለች። ኦቪዬዶ እንደምገባ ነው የሚያስበው። የትርጉም ትምህርት ጎበዞቹ ያሉት ግራናዳ እንደሆነ እንዴት ላስረዳው? ሲሰማ ፊቱ እንዴት እንደሚሆን ሳስበው...»

ፊቴ እንዴት እንደሚሆን? መስታወቱን አየሁት። ፊቴ ምንም አልሆነም። ግራናዳ! እኛ ያለነው የአገሩ አንድ ጫፍ፣ እሷ ሌላው ጫፍ። እኔ ወደ ቤት ልመለስ ስል እሷ ልትወጣ።

ሴቪያ እንደገባን ለማሪቤል ደወልኩ።

«ታውቂ ነበር?»

«ምኑን?»

«ማሪቤል!»

«ልትነግርህ የሚገባት እሷ ናት፣ ሴልሶ። አደራ፣ እንዳልሰማህ ሁን። ራሷ አፍ አውጥታ ትንገርህ።»

የመስመሩን ነገር ልነግራት አፌ ላይ ደረሰና መለስኩት። አሁን ምን ያደርጋል?

ከተማው ሁሉ የብርቱካን አበባ ይሸታል። አስጠላኝ።


ማክሰኞ፣ ማርች 25

ካቴድራሉ አጠገብ ቆሜ ልጆቹን ስጠብቅ ሁለት ፈረንሳውያን ሽማግሌዎች፣ ባልና ሚስት፣ ሆቴላቸው ጠፍቷቸው እኔን ይጠይቁኛል። በእጄ ወዲያ በእጄ ወዲህ... አልተግባባንም። ሴትዮዋ ልታለቅስ ምንም አልቀራት። ሂሜና ከየት መጣች ሳልል ደረሰች። ፈረንሳይኛውን ለቀቀችው! ሽማግሌው ሳቀ፣ ሚስቱ ጉንጯን ሳመቻት። እጃቸውን ይዛ እስከ መታጠፊያው ሸኘቻቸው።

ቆሜ ቀረሁ። እንደዚያ እንደምትናገር አላውቅም ነበር። ፊቷ ራሱ ሌላ ሆነ፣ የበራ። ልጄን ያየኋት እኔ ነኝ ወይስ ሌላ ሰው?

ስትመለስ «አመሰግናለሁ፣ የኔ እመቤት» አልኳት። «ምንም አይደል፣ ሹፌር» አለችና ፈገግ ብላ አለፈች።


ረቡዕ፣ ማርች 26

ኮርዶባ። ዛሬም አልነገረችኝም። «ደህና ዋሉ፣ ሹፌር።» ደህና ዋይ እንግዲህ።


ሐሙስ፣ ማርች 27

ግራናዳ።

ጠዋት አልሃምብራን ሊያዩ ወጡ። ከሰዓት ነፃ ናቸው። እኔ አውቶቡሱ ደረጃ ላይ ተቀምጬ ስበላ ብቻዋን መጣች። ግራ ቀኝ አየች።

«አባዬ።»

ሳምንቱን ሙሉ ያልሰማኋት ቃል።

«አንድ ነገር ልነግርህ ነው። አትቆጣም?»

«ስለ ክፍሉ ነው?»

ክው አለች። «እናቴ ነገረችህ!»

«ሌይሬ ናት የነገረችኝ። ከጀርባዬ ተቀምጣ።»

ከዚያ ማን ያስቁማት... መምህራኑ፣ ቋንቋዎቹ፣ በበዓል በበዓል እንደምትመጣ፣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ። መጨረሻ ላይ፣ «ክፍሉን አብረን እንየው። ጥሩ አይደለም ካልከኝ እተወዋለሁ። የምሬን ነው፣ አባዬ። ኦቪዬዶ እገባለሁ።»

ይህን ባትለኝ ይሻለኝ ነበር።

ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ በደረጃ። ኢንካርና የምትባል አሮጊት በቤት ጫማ ከፈተችልን።

«ይሄስ ማነው?»

«አባቴ ነው» አለች ሂሜና። ደስ ብሏት ነው ያለችው። አሮጊቷም ደስ አላት፤ አባቱን ይዞ የሚመጣ ተማሪ አይታ አታውቅም።

ክፍሉ ጠባብ ነው፣ ግን ንጹሕ። አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ በረዶ የለበሰውን ተራራ የሚያሳይ መስኮት። መስኮቱ አይዘጋም። ባንድ በኩል ወርዶ ነፋሱ መጋረጃውን ያወዛውዘዋል።

«ክረምት ሲመጣ ወንበር ያስደግፉታል» አለች ኢንካርና።

ሂሜና ወደ እኔ ዞረች።

አንድ ቃል ይበቃኝ ነበር። «እዚህ ትታመሚያለሽ።» በቃ። ውሸትም አይሆንብኝም። ኦቪዬዶ፣ በየጠዋቱ፣ ከኋላዬ... ቃሉ አፌ ውስጥ ነበር። ልጅቷ ትንፋሿን ይዛ ታየኛለች። እንደ ሴቪያው ያለ ፊት፣ የበራ ፊት፣ ግን የፈራ። አንጀቴን በላችው።

«ካቻቢቴ አለዎት?» አልኳት አሮጊቷን።

ማጠፊያው ነው የላላው። የብሎኑ ቀዳዳ ሰፍቶ ብሎኑ አልይዝ ብሏል። የክብሪት እንጨት ሰብሬ ቀዳዳው ውስጥ ወተፍኩና መልሼ አሰርኩት። ሂሜና መስኮቱን በሁለት እጇ ደግፋ ያዘችልኝ።

«ትንሽ ቀና... እንደሱ።»

«ከበደኝ፣ አባዬ!»

«ቻይው! አንቺ አይደለሽ ክፍሉን የፈለግሽው?»

ዘጋሁት። ነፋሱ ቀጥ አለ። ልጄ ጥላኝ የምትሄድበትን ቤት በገዛ እጄ አበጀሁላት። ሞኝ ነኝ?

«ሚስትህ ታድላ» አለችኝ ኢንካርና። የእኛን ቤት የላላ ብሎን ብታይ እንዲህ አትልም ነበር።

ደረጃውን ስንወርድ ሂሜና ክንዴን ያዘች። ማዕዘኑ ላይ ስንደርስ ለቀቀችኝ፤ ስምምነቱ ስምምነት ነው። አውቶቡስ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ። ማንም አላየኝም።


አርብ፣ ማርች 28

ቶሌዶ። አውቶቡስ ወደ ላይ አይገባም፤ ልጆቹ ዳገቱን እያማረሩ ወጡት። ሮሳውራ ጉልበቷን አሟት ከእኔ ጋር ቀረች። 

«ልጅ አለዎት፣ ሴልሶ?» አለችኝ ድንገት።

«አንዲት ሴት።»

«ጎበዝ ናት?»

«በእኔ አልወጣችም።»

«አፏስ?»

«እሱ ከእኔ ነው።»

ሮሳውራ መሳቅ ጀመረች፤ መነጽሯን አውልቃ እንባዋን እስክትጠርግ ሳቀች። ምን ያስቃል?


ቅዳሜ፣ ማርች 29

ቤት ገባን። ተመስገን፣ ሁሉም በደህና።

ተማሪ ሁልጊዜ በመጨረሻው ቀን አዋጥቶ ለሹፌር አንድ ነገር ይሰጣል። አቪሌስ ልንገባ ስንል ብሩኖ ቶሌዶ የታወቀችበትን ጣፋጭ በሳጥን ይዞ መጣ፣ ማይክሮፎኑን አነሳ። «ይህ ለሹፌራችን ለሴልሶ ነው... እንዲሁም ለሂሜና አባት! ሁለቱ ተስማምተው ይካፈሉት!»

አውቶቡሱ በሳቅ ተናጋ። ሂሜና ጃኬቷን ራሷ ላይ ደፋች። ለካ ከመጀመሪያው ምሳ ጀምሮ ሁሉም ያውቃሉ! ዳቦው ነው ያጋለጠን። «እንዲህ ዳቦ የሚያሰቃዩ ሁለት ሰዎች ዘመድ ካልሆኑ ማን ሊሆኑ ነው?» አለ ብሩኖ። ሮሳውራም ታውቅ ኖሯል። ልጆቹ ናቸው እንዳትነግሪያቸው ያሏት፤ ሁለታችን «እርስዎ፣ እርስዎ» ስንባባል መስማት ሲኒማ ሆኖላቸው።

እንግዲያው ምን ቀረ? ማይክሮፎኑን ተቀበልኩ። አንዲት ቀልድ ብቻ።

«አባዬ፣ በቃህ!» ብላ ጮኸች ከጃኬቱ ሥር።

«አባዬ፣ በቃህ!» አለ አውቶቡሱ ሁሉ ባንድ ድምፅ። እንዲህ ያለ ደስታ አላስታውስም።


እሑድ፣ ኤፕሪል 6

ጢሜን ስላጭ ስልኬ ጠራ። ጠረጴዛ ላይ ትቼው ነበር፤ ሂሜና አነሳችው። ኒካኖር። የዚህ ሰውዬ አፍ! «የኦቪዬዶ መስመር ተፈቀደለት በይው። ከሴፕቴምበር ጀምሮ። አንቺን ዩኒቨርሲቲ ላድርስ ብሎ ስንት ደጅ ጠንቶበታል መሰለሽ!»

ግማሽ ፊቴ ሳሙና እንደሆነ ወጣሁ። ስልኩን ይዛ ቆማለች። ማሪቤል ድስት ታደርቃለች።

«መስመሩን ለእኔ ብለህ ነው የለመንከው?»

«ማን አለ?»

«አባዬ!»

ፊቴን የምጠርግበት ፎጣ ፈለግኩ።

«ታዲያ መስኮቱን ለምን ሠራህልኝ?» ስልኩን አስቀመጠችው። «እቀራለሁ። ግራናዳ ይቅርብኝ። ኦቪዬዶም ቋንቋ ያስተምራሉ።»

እሺ በላት፣ አለኝ ሆዴ። ራሷ ናት ያለችው። አልገፋፋኋት፣ አልለመንኳት። አንድ «እሺ» ብቻ...

«ኒካኖር ምን ያውቃል?» አልኩ። «አንቺን ሰበብ አድርጌሽ ነው። አለቆች የሚራሩት ለልጅ ሲባል ነው፤ ለሚስቴ ብል ማን ይሰማኛል? መስመሩን የፈለግኩት ለእናትሽ ነው። ይህን ሁሉ ዓመት ብቻዋን በልታለች።»

ሂሜና ወደ እናቷ ዞረች።

ማሪቤል ድስቱን ማድረቋን አላቆመችም። «ነግሮኝ ነበር» አለች፣ ዓይኗን ሳታነሳ።

«እውነት?»

«እውነት።»

ልጅቷ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፤ ፀጉሯ ሳሙና በሳሙና ሆነ። እየሳቀች ለሌይሬ ልትነግር ወጣች። ደረጃውን ስትወርድ እግሯ ይሰማል፣ እየዘለለች።

በሩ ሲዘጋ ማሪቤል ድስቱን አስቀመጠች።

«ውሸታም» አለችኝ።

«አንቺስ?»

«የትኛውን ፈረቃ ሰጡህ?»

«የጠዋቱን። ለምሳ ቤት ነኝ።»

«በየቀኑ?»

«በየቀኑ።»

ወንበር ስባ ተቀመጠች። እጇ ላይ ያለውን ፎጣ አጠፈችው፣ መልሳ ዘረጋችው። የምትስቅ መስሎኝ ነበር። ቀረብ ስል ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

«ሴልሶ... በአዘቦት ቀን ምሳ ምን እንደምትወድ እኮ አላውቅም።»

አሰብኩ። ደግሜ አሰብኩ።

«እኔም አላውቅም» አልኳት።