ጋሽ ታደሰ በረዶው ላይ

እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 9፣ 2014፤ አሌክሳንድሪያ

ትናንት ጋሽ ታደሰን ሰሜን ኒውዮርክ ድረስ ወስጄ፣ በረዶ በሆነ ሐይቅ ላይ ዓሣ ስናጠምድ ዋልን። ሰውዬው ድሮ ሐዋሳ ዓሣ አጥማጅ ነበሩ። እዚህ ደግሞ ካንሰሩ እስኪያስቆማቸው ድረስ አብረን ፓርኪንግ ሠርተናል። «አንዴ እንኳ ውሰደኝ» ሲሉኝ ነው የከረሙት።

በረዶውን በስተን ቀዳዳው አጠገብ ተቀመጥን። ጎረቤቶቻችን ፈረንጆች ፐርችና ዎልአይ የሚሏቸውን ዓሣዎች ያወጣሉ። ትንሽ ቆይቶ የጋሼ ዘንግ ጫፍ ተርገበገበ።

«ጋሼ ያዘ! ይሳቡት!»

«የቱ?» አሉኝ፤ ዘንጉ እኮ እጃቸው ላይ ነው።

ሦስት ጊዜ እንዲሁ አመለጣቸው። ከዚያ ጓንታቸውን አውልቀው ክሩን በባዶ ጣታቸው ያዙት። ክሩ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። እሳቸው ግን አልሳቡትም።

በመጨረሻ «የኬሞው መድኃኒት ጣቴን ገድሎታል» አሉ። «ዓሣ መያዙን በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ጣቴ ነበር የሚነግረኝ።»

«ይመለሳል፣ ጋሼ» አልኩ።

ቀና ብለው ረጅም ጊዜ አዩኝ። ዶክተሩ እንደማይመለስ ሲናገር ያስተረጎምኩት እኔ ነኝ፤ ያን ቀንም «ይመለሳል» ነበር ያልኳቸው።

ዛሬ ሁለቴ ኮል አደረግኩላቸው። አያነሱም።