አቶ አላቬርዲ አልደረሱም

ለታናሽ ወንድሜ ለማልካዝ፣

ሰላምታዬ ከእኔ ቀድሞ፣ ያን ሁሉ አገር አቋርጦ፣ ዶሮ የምታሽጉበት ፋብሪካ በር ላይ ይጠብቅህ። እንዴት ነህ? ጉልበትህን የሚጠዘጥዝህ ነገር ተሻለህ ወይስ አሁንም ደረጃ ስትወጣ ታቃስታለህ? እንቅልፍስ ይወስድሃል? አብረውህ የሚኖሩት ልጆች ደህና ናቸው? እማዬ አደራ ጠይቂልኝ ያለችው ምግብህን ነው። ፖላንድ ውስጥ ዳቦ ሲጋገር አይብ አይገባበትም የሚባለው እውነት ከሆነ እንዴት እንደምትኖር አልገባትም። እኛ ሁላችንም ደህና ነን። አባዬ ከወገቡ በቀር ደህና ነው። እማዬ ደህና ናት። ጋሼ ቫሊኮ እንደምታውቀው ከሚገባው በላይ ደህና ነው። ላሟ ወልዳለች። እማዬ ጥጃው ዓይኑ ያንተን ይመስላል ብላ በስምህ ልትጠራው ስትል አባዬ ተቆጥቶ ከለከላት።

ወይዘሮ ኢርማ ይህን አንቀጽ ቢያዩት ከዳር እስከ ዳር በቀይ ይሰርዙት ነበር። ወይዘሮ ኢርማ ኩታይሲ ከተማ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የንግድ ደብዳቤ አጻጻፍ የሚያስተምሩ ሴት ናቸው፤ እኔም በዚህ ጸደይ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ ተማርኩ። «ደብዳቤያችሁን የሚያነበው ሰው ተደላድሎ ተቀምጦ እንዳይመስላችሁ፤ አንድ እጁ በር ላይ ነው። የምትፈልጉትን በመጀመሪያው መስመር ንገሩት፣ አመስግኑት፣ ልቀቁት» ይላሉ። አብረውን የሚማሩ አንድ ቄስ ነበሩ። ለቤተ ክርስቲያናቸው ጣሪያ የዛገ ቆርቆሮ ለሸጠላቸው ነጋዴ እየጻፉ፣ በመጀመሪያው አንቀጽ ባረኩት፣ በመጨረሻው አወገዙት። ወይዘሮ ኢርማ ምርቃቱንም ውግዘቱንም ሰረዙና «ቆርቆሮው ዝጓል፤ ይቀየርልን» የምትል መስመር ብቻ ተረፈች። ቄሱ ወረቀቱን ገልብጠው ጀርባውንም አዩና «እኔ ታዲያ የት አለሁ?» አሉ።

እኔም ካንተ የምፈልገው ነገር አለ። በመጀመሪያው መስመር መጻፍ ነበረብኝ። ግን ወንድሜ ነህና እጅህን ከበሩ ላይ አንሳና መጀመሪያ ወሬውን ስማ።

ወደዚህ ትምህርት የገፋኝ ሄንሪክ የሚባል ዴንማርካዊ ነው። አንተ ከመሄድህ በፊት ከአባዬ ጋር የሠራችኋቸውን የመጨረሻዎቹን ሦስት የወይን ጋኖች በነጋዴ በኩል የወሰደው እሱ ነው። በክረምቱ ማብቂያ ላይ ደብዳቤ ላከ። ከሦስቱ አንዱ ተሰንጥቆ ወይኑ ፈሷል። ሌሎች ጋኖች ሊያዝ አስቦ ነበር፤ አሁን ግን ምክንያቱን ካላወቀ አያዝም። ፎቶግራፍም አብሮ ልኳል። ጋናችን በረት ውስጥ በእንጨት እግር ላይ ቆሞ፣ አጠገቡ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ተተክሎለታል። አባዬ ፎቶውን ወደ መስኮቱ አስጠግቶ ሲያየው ቆየና «ቅበረው እንጂ ሐውልት አድርገው ማን አለው?» አለ። የተሰነጠቀው ያንተ ይሁን የእሱ ከፎቶው አይለይም። አባዬ ግን ያንተ እንዳልሆነ ይምላል።

አንድ ነገር ልንገርህ፣ እስካሁን ደብቀንህ ነበር። አንተ ከሄድክ ወዲህ እቶኑ እሳት አላየም። መንገዱ ዳር የእንግዳ ማረፊያ የሚሠራ ሰውዬ መጥቶ የእቶኑን ጡብ ሽጡልኝ ብሎ ነበር፤ ያረጀ ጡብ ለግድግዳ ያምራል አሉ። አባዬ እንቢ አላለም። በጋው ሲያልቅ ተመለስ አለው። ስለዚህ የሄንሪክ ትዕዛዝ ከቀረ እቶኑ ይፈርሳል ማለት ነው። ሁላችንም ይህን እያወቅን ማንም አፍ አውጥቶ አይናገርም ነበር።

በተማርኩት መሠረት መልሱን በእንግሊዝኛ ጻፍኩና በቋንቋችን እየመለስኩ ለአባዬ አነበብኩለት። ገና «ውድ ጌታዬ» ስል አስቆመኝ። «ውድ? የእኔን ጋን እንደ አበባ ማስቀመጫ ያቆመ ሰውዬ ለምኔ ነው የሚወደደው?» አለ። ደንቡ ነው ብዬ አለፍኩ። ማሳረጊያው ላይ «ከልብ የእርስዎ» የሚለው ሲመጣ ግን ከወንበሩ ተነሳ። «የእሱ? እኔ? ዕድሜ ልኬን አብሬያት ኖሬ ለእናትሽ እንኳን ያላልኩትን?» አለኝ። እማዬም ከማጀት «እውነቱን ነው፣ አላለኝም» ብላ መሰከረችለት።

የባሰው ጥፋቱን የሚናገረው ቦታ ነበር። ወይዘሮ ኢርማ ደንበኛን አጠፋህ አይባልም፤ ነገሩን ከሰውየው ላይ አንስታችሁ በዕቃው ላይ አድርጉት ይላሉ። ስለዚህ «ጋኑ ሳይቀበር ቀርቷል» ብዬ ጻፍኩ። አባዬ ይህን ሲሰማ «ሳይቀበር ቀርቷል? ጋን ራሱን ይቀብራል እንዴ? አካፋ ይዞ ይወጣል?» አለ። እኔ ሳቄ መጣ፤ እሱ ግን አልሳቀም። አልፈርምም ብሎ ወጣ።

ይህን ጊዜ ጋሼ ቫሊኮ ገባ። በድግስ ሁሉ አጋፋሪ ሆኖ ጽዋ ሲያነሳ የኖረ ሰው ደብዳቤ ይፈራል ብለህ እንዳታስብ። ወረቀቴን አየት አድርጎ «ይሄ ደብዳቤ አይደለም፤ ቆጣሪ የሚያነበው ሰውዬ በር ሥር የሚጥለው ወረቀት ነው» አለና አባዬን ጠርቶ፣ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ ልክ እንደ ድግስ ያስጽፈኝ ጀመር። መጀመሪያ ለሰላም። ቀጥሎ ለሄንሪክ አገር። ቀጥሎ ለሄንሪክ ሙታን፣ ስማቸው ስላልታወቀ በጅምላ። ለወላጆች ሲደርስ ብድግ ብሎ ቆሞ «የዚህ ሰው እናት በሕይወት አሉ?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ምን አውቄ አልኩት። «ታዲያ እንዴት ነው የምንጽፍለት? ካሉ ለጤናቸው ነው፣ ከሌሉ ለነፍሳቸው ነው። ሁለቱን ቀላቅለን ሴትዮዋን እናስቀይም?» አለ። ጋን የሚለው ቃል ብቅ ያለው ቀለሜ ወደ ማለቁ ሲቃረብ ነው።

ያስታረቀችን እማዬ ናት። ጉዳዩን ናቴላ ትጻፍ፣ ከሥር ግን አንድ ጽዋ ለቫሊኮ ይሰጠው አለች። ተስማማን። አባዬም ጋን መሬት ውስጥ የሚቀበረው አፈሩ ከዙሪያው ስለሚደግፈው እንደሆነ፣ ያለዚያ የወይኑን ክብደት ለብቻው እንደማይችል እንዲገለጽ ጠየቀ። በተሰነጠቀው ፈንታ ዕቃ ቤት ከቀሩት የድሮ ጋኖች አንዱን እንልካለን አልን። ጋሼ ቫሊኮም ጽዋውን መሬት ውስጥ እንዳለ ጋን ሌላውን በሆዳቸው ለሚያቆዩ እናቶች ሁሉ አነሳና እንደ ልማዱ ዘጋው። «አላቬርዲ እርስዎ ጋ ነው።»

አንተ ይህን ቃል ከእኔ አትማርም። ጽዋ ተነሥቶ «አላቬርዲ አንተ ጋ ነው» የተባለ ሰው የራሱን ቃል ሳይጨምርበት ቢጠጣ ምን እንደሚባል ታውቃለህ፤ የእነ ኤተሪ አማች አንዴ ዝም ብሎ ስለጨለጠ እስከ ዛሬ «ዲዳው» እንደተባለ ቀርቷል። ግን ይህ በእንግሊዝኛ ምን ይባላል? መዝገበ ቃላት አገላበጥኩ፣ አጣሁት። እንዳለ ጻፍኩት። እዚህ ላይ ደግሞ አባዬ አንድ ነገር ጨመረ። እንግሊዝኛ ከትንንሾቹ ፊደላት ሌላ ትልልቅ ፊደላት እንዳሉት፣ የሰው ስም በትልቁ እንደሚጀምር ነግሬው ነበር። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው በጣም ቀናበት። «እንግዲያው የሚከበር ቃል ሁሉ በትልቁ ይጀመር» አለ። እናትንም፣ ጋንንም፣ አላቬርዲንም በትልቁ ጀመርኳቸው። ከሥር የአባዬን ስም፣ ሻልቫ ብዬ ጻፍኩ፤ እሱም ጋኖቹ አንገት ላይ እንደሚያደርገው አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ፈረመ። ላክነው።

መልሱ ሲመጣ ጋሼ ቫሊኮ አብሮን ነበር። ሄንሪክ ስለ አክብሮታችን ያመሰግናል። ጋን ስለ መቅበር የጻፍነውም ገብቶታል። ነገር ግን፣ ይላል፣ በደብዳቤያችሁ መሠረት አቶ አላቬርዲ እኔ ጋ ናቸው። ፈልገናቸው ነበር፤ የሉም። ባለቤቴ መኝታ አዘጋጅታላቸዋለች። ሁለት ጊዜ ባቡር ጣቢያ ሄጄ የመጣውን መንገደኛ ሁሉ አይቻለሁ። እንደገና እንዳልሳሳት፣ አቀባበሩን ሊያሳዩኝ የላካችኋቸው እሳቸው ሳይደርሱ አንድም ጉድጓድ አልቆፍርም፣ ስለ ትዕዛዙም አልወስንም። ሥጋት ገብቶኛል፤ በዚህ ሳምንት ካልደረሱ ፖሊስ መጠየቅ ይኖርብኛል።

እኔ አንብቤ ስጨርስ መጀመሪያ የተናገረችው እማዬ ናት። «ውይ ምስኪን! የት ወድቆ ቀርቶ ይሆን?» አለች። እማዬ፣ እንዲህ የሚባል ሰው የለም እኮ ስላት «የለም ብሎ ነገር የለም፤ አልጋ ተነጥፎለት የለም እንዴ?» ብላ ተቆጣችኝ። ጋሼ ቫሊኮ በበኩሉ ኮቱን አስተካክሎ እኔ ልሂድ አለ። አልጋው አለ፣ ስሙም ያምራል፣ አላቬርዲ ሆኖ መሄድ አይከብደውም። አባዬ ቀና ብሎ አየውና «አንተማ አካፋ በየት በኩል እንደሚያዝ መች ታውቅና» አለው። ከዚያ፣ ማልካዝ፣ አባዬ ሳቀ። ወገቡን በሁለት እጁ ይዞ፣ እያመመው፣ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። አንተ ከሄድክ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ ደስ ብሎኝ እኔም አለቀስኩ።

በማግስቱ ለወይዘሮ ኢርማ ሁሉንም አሳየኋቸው። ሳይስቁ አነበቡት፤ ከንፈራቸው ግን ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። ስህተት በአንድ ዓረፍተ ነገር ይታረማል፣ ምክንያት አይደረደርበትም አሉኝ። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «አላቬርዲ ሰው አይደለም፤ ቃሌን ጨርሻለሁ፣ ተራው የእርስዎ ነው ማለት ነው።» ወይዘሮ ኢርማ ቀዩን እስክሪብቶ አንሥተው ምንም የሚሰርዙት አጡ።

የሄንሪክ መልስ ባለፈው ሳምንት ደረሰ። ትምህርቱን ከእኔ ይልቅ እሱ የተማረ ይመስላል፤ እንዲህ ብቻ ይላል፦ «ሁለቱን ጋኖች ቀብሬአቸዋለሁ። እናቴ በሕይወት አለች፤ ጽዋውን አንብቤላት ለሻልቫ ጤና ጠጥታለች። ለሚመጣው ዓመት ስድስት እፈልጋለሁ። አልጋው እንደተነጠፈ ነው። አላቬርዲ እርስዎ ጋ ነው።»

አባዬ ይህን ደብዳቤ አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። የእንግዳ ማረፊያው ሰውዬ የበጋውን ማለቅ ሳይጠብቅ ሲመጣ ጡብ የለም ብሎ መለሰው፤ ሰውዬው እቶኑን እያየው። ከዚያ ወዲህ ግን ጠዋት እቶኑ በር ላይ ይቀመጣል፣ ጭቃ ያሻል፣ መልሶ ያፈርሰዋል። ስድስት ጋን በአንድ ሰው ወገብ አይሠራም፤ ይህን አንተም እሱም ታውቃላችሁ። ለማልካዝ እንጻፍለት ስለው «ልጁ ሥራ አለው፣ አትረብሹት» አለኝ። ደብዳቤ ከሻልቫ አፍ አውጥቶ መጻፍ የቆርቆሮ ነጋዴ ከማውገዝ ይብሳል።

ስለዚህ ወይዘሮ ኢርማ እንዳስተማሩኝ፣ ዘግይቼም ቢሆን፦

ጉዳዩ፦ መምጣትህን ይመለከታል። ከወይን ለቀማው በፊት ወደ ቤት ና።

አብሮህ ለሚኖረው ለጎቻ ሰላምታዬን አድርስልኝ፣ ካልሲውን ለብቻው ይጠብ። ለአከራይህ ለወይዘሮ ቦጉሚላ እማዬ ሰላም ብላለች፤ ዳቦው ውስጥ አይብ መጨመር እንደማይከብድም ንገራቸው ብላለች። እማዬ ዓይንህን ትስማለች። ጋሼ ቫሊኮ ላንተ ጤና ጽዋ አንሥቷል፣ ገና አልጨረሰም። ኤተሪና ዲዳው አማቿ ሰላም ብለውሃል። ጥጃው አድጓል።

እህትህ ናቴላ
ቲኻቱባኒ፣ ኢሜሬቲ
ኦገስት 11 ቀን 2019

ቀኑን ከጻፍኩ በኋላ አባዬ ጭቃውን ሳይታጠብ ገባና ወረቀቱን ወሰደብኝ። በእኛ ፊደል አንድን ቃል በትልቁ መጻፍ የሚቻልበት መንገድ አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። የለም አልኩት። እስክሪብቶውን ጫን አድርጎ ጻፈው፤ ቆሻሻውም የእጁ ነው።

«ማልካዝ። ጥጃው አንተን አይመስልም። አላቬርዲ አንተ ጋ ነው።»