የአባባ ፈጣን እርግቦች

ማክሰኞ፣ ጁን 3

አባባ ዛሬም ጋራዥ ውስጥ ዋሉ። ከአሮጌ መኪና የዝናብ መጥረጊያ ሞተር ፈትተው፣ ሁለት ረጃጅም የብረት ክንድ ግራና ቀኝ አበየዱበት። በየክንዱ ጫፍ ክንፏን የዘረጋች አንዳንድ የሞተች እርግብ ትታሰራለች። ሲዞር፣ ከላይ ለሚያልፉት እርግቦች ዘመዶቻቸው አተር ማሳ ላይ እያረፉ ይመስላቸዋል። ይወርዳሉ። ከዚያ የአባባ ጠመንጃ ድው! ሙታን ሕያዋንን ምሳ ይጋብዛሉ ማለት ነው።

ጎረቤታችን ሚስተር ፕሪዲ ከሱቅ የገዛውን ተመሳሳይ ማሽን ሊያሳይ መጣ። የሱ ሪሞት አለው።

«ዊልፍ፣ ያንተን ሙዚየም አይፈልገውም?» አለ አባባን።

«ያንተ መመሪያ ወረቀት አለው አሉ። ማን አነበበልህ፣ ሚስትህ?»

የሁለቱ ዕድሜ ሲደመር መቶ ሃምሳ አንድ።

ሐሙስ፣ ጁን 5

የአተር ማሳው ባለቤት ሚስስ ሃልስቴድ መጡ። አተራቸውን እርግብ እየጨረሰው ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ያ ማሳ የአባባ ማደኛ ነበር፣ ሌላ ሰው ጠመንጃ ይዞ አይገባም። ዘንድሮ ግን አባባ ብዙ እየሳቱ ነው...

«ቅዳሜ አንተም ፕሪዲም ኑ። አንዱ ላይ ጥግ፣ አንዱ ታች ጥግ። ብዙ የጣለ ማሳውን ይዟል።»

ከሄዱ በኋላ አባባ፣ «ያ ማሳ ከሄደ ምን ቀረኝ? ከእናትሽ ጋር ቴሌቪዥን ማየት?» አሉ። ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

ዓርብ፣ ጁን 6

የአባባ ስብከት፦ «ቀስ! እርግብ ስታርፍ አትጣደፍም። ማሽኑ ከፈጠነ አንድም አይወርድ።» በሳምንት ስድስት ጊዜ እሰማዋለሁ። ስለዚህ የፍጥነቱን ቁልፍ እስከ መጨረሻው አዞርኩት። ነገ ሲያበሩት እንደ ቬንትሌተር ይሾራል፣ «ሃቲ!» ብለው ይጮኻሉ፣ እስቃለሁ፣ እናስተካክለዋለን። በቃ።

ቅዳሜ፣ ጁን 7

አበሩት። ሁለቱ ሟቾች ላባ እየረጩ ሾሩ። ሳቄን ለማፈን ጡጫዬን ነክሼ «ሃቲ!» እስኪሉ ጠበቅሁ።

አላሉም። ከእርግቦቹ በምንደበቅበት የመረብ ዳስ ውስጥ ገብተው ሻይ ቀዱ።

«ጥሩ እየዞረ ነው፣ አይደል?»

መልሰው እያሾፉብኝ መሰለኝ። ጎበዝ ሽማግሌ፣ አልኩ በልቤ። ግማሽ ሰዓት ሄደ። መንጋው ይመጣል፣ ያያል፣ በጥፊ እንደተመታ ይታጠፋል። «ምን ነካቸው ዛሬ?» ይላሉ። ከዳሱ እስከ ማሽኑ ሠላሳ እርምጃ ነው። ጥርት ያለ ፀሐይ።

እያሾፉ አልነበረም።

ያኔ መናገር እችል ነበር። ለምን ዝም አልኩ? ዓይናቸው መድከሙ እንዳይታወቅባቸው ብዬ ነው? ወይስ ፈርቼ? ... ፈርቼ።

ሚስተር ፕሪዲ ስድሳ አራት ጣለ። አባባ ሁለት። ከሁለቱ አንዱ ቁራ ነው። ፕሪዲ ቁራውን እግሩን ይዞ አንጠልጥሎ አነሳው።

«ዊልፍ፣ ይሄኛው እርግብ ከለቅሶ ቤት ነው የመጣው? ጥቁር ለብሷል እኮ!»

ሁሉም ሳቀ። እኔም... ከልማድ።

እሑድ፣ ጁን 8

ቁልፉን ያዞርኩት እኔ እንደሆንኩ ለአባባ ነገርኳቸው። ጋራዥ ውስጥ።

«ምን ያህል ፈጠነ?»

«እንደ ቬንትሌተር።»

ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ፊታቸው በራ! «እና የኔ ጥፋት አይደለማ! ተነሽ፣ አሁኑኑ ለሚስስ ሃልስቴድ ንገሪያት። እንደገና ትሞክረናለች።»

«አባባ፣ አላዩትም እኮ።»

«ምኑን?»

«ሲሾር። እዚያው ፊትዎ።»

«ጭጋግ ነበረ።»

«ፀሐይ ነበር።»

የመፍቻ ሣጥኑን ከፈቱ፣ ዘጉ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ ለምነውኝ በማያውቁት ድምፅ፦

«ሃቲ። ግማሹን ብቻ ንገሪያት።»

ሰኞ፣ ጁን 9

በማሳው ዳር ሄድኩ። የሚስስ ሃልስቴድ ሁለት የልጅ ልጆች አተሩ ውስጥ ተደፍተው እየሰረቁ ይበላሉ። አናታቸው ብቻ ይታያል። የአንደኛው ኮፍያ እንደ እርግብ ግራጫ ነው።

ለሚስስ ሃልስቴድ ሙሉውን ነገርኳቸው።

ሴትዮዋ ዞረው ልጆቹን አዩ። «መኪናስ?» አሉኝ በመጨረሻ። «አሁንም ይነዳል?»

እሱን አላሰብኩትም ነበር። እውነት እላለሁ፣ አላሰብኩትም።

«አዎ» አልኩ።

ዓርብ፣ ጁን 13

ጠመንጃው ሄደ። የመኪናው ቁልፍ እናቴ ቦርሳ ውስጥ ነው። ቁርስ ላይ አባባ ለእናቴ፣ «ያቺ ልጅ ቅቤውን ታቀብለኝ» አሉ። አጠገባቸው ተቀምጬ። አቀበልኩ።

ቅዳሜ፣ ጁን 28

ሚስተር ፕሪዲ በየማለዳው መጥቶ አባባን በመኪናው ይወስዳቸዋል። እሱ ይተኩሳል፣ አባባ ማሽኑን ያዞራሉ። በእጃቸው ዳስሰው፣ በጆሯቸው ሰምተው፣ ልክ እንደሚፈለገው ቀስ አድርገው። ፕሪዲ በየመጠጥ ቤቱ፣ «ውሻዬ ከሞተ ወዲህ እንደ ዊልፍ ያለ አላገኘሁም» እያለ ያስቃል። አባባ አብረው ይስቃሉ። ስድብ እንኳ አይመልሱም።

ዛሬ በር ላይ ጠበቅኋቸው። «እኔም ልምጣ?»

አባባ ወደ ፕሪዲ ዞሩ። «ዳሱ ጠባብ ነው በላት።»

ፕሪዲ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሳቸውን አየ። ቀልድ ጠፋው መሰለኝ። «ጠባብ ነው፣ ሃቲ» አለ።

የዳሱን መረብ የሰፋሁት እኔ ነኝ። አራት ሰው ይይዛል።