የቀለለው ጀሪካን

ማክሰኞ

ጌታነህ «ኩበት ይዘን እንሂድ» ባለኝ ቁጥር በጥፊ ልለው ያምረኛል። ታናሽ ወንድሜ ነው፤ እሱ በቅሎውን ይጭናል፣ እኔ ተራራ ለሚጎበኙት እግር ተጓዦች አበስላለሁ። ለአራት ቀን መንገድ የቱ ይሻላል ብዬ ሞላሌ ገበያ፣ እህል ነጋዴው ሚዛን ላይ ሁሉንም አወጣሁ።

ኩበት፦ በነጻ፣ ግን ሁለት ማዳበሪያ ሙሉ። ዝናብ ከነካው ጭስ ብቻ።
ከሰል፦ ይከብዳል።
የጣሳ ጋዝ፦ ቀላል ነው፣ ዋጋው ግን የበግ።
ላምባ፦ አምስት ሊትር ይበቃል። አዲሱ ሻጭ በግማሽ ዋጋ ሰጠኝ። ያው ጀሪካን፣ ያው ልክ፣ ካለፈው ጉዞ ሩብ ኪሎ ግድም ቀለለ!

ጌታነህ «ምነው ቀለለ?» አለ። አንተ ደግሞ ሲከብድም ሲቀልም ማልቀስ፣ አልኩት።

ሐሙስ

ዛሬ ጠዋት፣ በወጣን በማግስቱ፣ ጌታነህ የላምባ ምድጃውን በፓምፕ አየር ሞልቶ ክብሪት ሲጭር ፈነዳ። እሳቱ ክንዱንና ፊቱን ያዘው። ጩኸቱ የሰው አይመስልም ነበር። ጋቢዬን ጣልኩበት፣ መሬት ላይ አንከባለልኩት። የክንዱ ቆዳ ከሹራቡ ጋር ተላጠ። በቅሎው ላይ አስረን ከሰዓት ሞላሌ ጤና ጣቢያ መልሰን አደረስነው። ነርሷ ልብሱን አሸተተችና «ይሄማ ቤንዚን ተቀላቅሎበታል» አለች። ግራ ዓይኑ በፋሻ ታሽጓል። ያይ እንደሆነ እሁድ ይታወቃል።

ዓርብ

ሻጩ ጋ ሄድኩ። «በማርያም፣ ንጹሕ ላምባ ነው» ብሎ ማለልኝ። ማርያምን ሲጠራ ደሜ ፈላ። ላሳየው ይዤ የሄድኩትን የተቃጠለ ምድጃ አፉ ላይ አሳረፍኩት። ሁለት ጥርሱ ረገፈ። ወድቆም ረገጥኩት። ሰው ነው ጎትቶ ያስጣለው። አልጸጸትም።

የአገር ሽማግሌዎች «ደም አፍስሰሻል፣ እሁድ ከሰዓት ቅረቢ» አሉኝ። የወንድሜስ ደም፣ አልኳቸው።

ቅዳሜ

ለሽማግሌዎቹ የምናገረውን ላዘጋጅ ብዬ ይህን ደብተር ገለጥኩ። ማክሰኞ ላይ ዓይኔ ቆመ። ቀለለ። በቃለ አጋኖ ጽፌዋለሁ!

እህል ነጋዴውን ሄጄ ጠየቅኩት። «ቤንዚን ከላምባ ይቀላል፣ ማንም ሹፌር ያውቀዋል» አለኝ። ሚዛኑ ነግሮኝ ነበር። ጌታነህም ነግሮኝ ነበር። እኔ ርካሹን ስለወደድኩ ሰደብኩት። ገጹን ልቀደው ብዬ ያዝኩት፣ እጄ እምቢ አለኝ።

እሁድ

ፋሻው ተነሣ። ሦስት ጣት ሳሳየው ሁለት አለ። ነርሷ «ገና ነው፣ እይታው ሊመለስ ይችላል» አለች። እንባዬ መጣ፤ ቢያንስ ብርሃን አለው።

«ሰውየውን ለኔ ብለሽ ነው የመታሽው አሉ» አለኝ ጌታነህ፣ ደስ ብሎት። ሽምግልናው ሊደርስ ነው። መጀመሪያ እሱ ይስማ ብዬ ደብተሩን አውጥቼ የማክሰኞን አነበብኩለት፣ ስድቤንም ሳልዘል። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«እስቲ ‹ምነው ቀለለ› ካልኩት ጀምረሽ ድገሚው» አለኝ።