ቅቤ የመሰለው የኮኮናት ዘይት

ሐረግዬ፣

ወረኢሉ ለእህቴ ሰርግ መሄዴ ነው። ሚኒባሱ በቤታችን በር ላይ ጡሩምባውን እየነፋ ስለሆነ ጽሑፌ ቢንጋደድ አትፍረጂብኝ።

ምድጃው ላይ ያለው ምስር ወጥ ያንቺ ነው። የሠራሁት በጾም ድስትሽ ነው፤ የኔን ቅቤ የነካ ማማሰያ አላስጠጋሁትም። ላንቺ ብቻ የሚሆን አዲስ ማማሰያም ገዝቻለሁ።
ከላይ የነሰነስሁት ነጭ ነገር የደረቀ ኮኮናት ነው። ጅዳ ስሠራ ማዳሜ ቤት የተማርሁት ነው።
ከመብላትሽ በፊት ሞቅ አድርጊው፣ አደራ!

ሐሙስ ያቆየሁልሽ ሽሮ ላይ የረጋ ነጭ ነገር አይተሽ፣ "በገና ጾም ቅቤ አብልተሽ ልታስገድፊኝ ነው?" ብለሽ ሳህኑን ገፋሽው። ወላሂ የኮኮናት ዘይት ነበር። ጅዳ እንደ ውሃ የሚፈሰው ዘይት የመካነ ሰላም ብርድ ሲይዘው እንደ ቅቤ ይረጋል፤ ምስሩንም የሠራሁት በሱ ስለሆነ ነው ሞቅ አድርጊው ያልሁሽ።
ቀድሜ ልነግርሽ ይገባ ነበር።
እኔ ደግሞ አኩርፌ ሳህኑን አንስቼ ወጣሁ።

ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የዚያ ዘይት ጣሳ በግማሽ የጎደለው በምን ምክንያት ነው?
እሁድ ቤተ ክርስቲያን ስትሄጂ ጸጉርሽ ያበራ ነበር። ትራስሽም እስከ ዛሬ የማዳሜን ወጥ ቤት ይሸታል። የኔ የጸጉር ቅቤ መሰለሽ አይደል? ብትጠይቂኝ እኮ ራሴ እቀባሽ ነበር።

አብሽሪ፣ አልተቀየምሁም። ሰኞ እመጣለሁ ኢንሻአላህ።
ወጡን ቅመሺው። ካልጣመሽም እንዳትደፊው፤ እንደለመድሽው አናትሽን ተቀቢው።

ፊርደውስ